ለሚያይ እንጂ ለሚዋኝ ያልተሰፋ ልብስ



በየዓመቱ ግንቦት ሲገባደድ በውጭ አገር የሴቶች መጽሔቶችና ማስታወቂያዎች አንድ ጩኸት ይጀመራል፤ ‹‹ሰመር ደረሰ! የዋና ልብስሽን አዘጋጅተሻል? ገላሽንስ?›› ይላል። የእነርሱ ሰመር የእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እነርሱ ልብስ የሚያወልቁበት ወር እኛ ጋቢ የምንደርብበት ነው። እኔ የምኖርባት ዋጫ ደግሞ የካፋ ምድር ናት፤ ካፋ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ የሆነበት አገር ነው። በሰኔ የመንገዱ ጭቃ ጫማ ከእግር ያወልቃል፤ ጉሙ ከጫካው ላይ ሳይነሳ ረፋዱ ያልፋል። እንግዲህ በዚህ ወር፣ በዚህ ጭቃ ውስጥ ሆኜ ለልጄ የዋና ልብስ ፍለጋ ወጣሁ ስላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የምትኖረው እህቴ ደውላ ‹‹ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷን ይዘሻት ነይ፤ ከልጆቼ ጋር ዋና ትማር፤ የዋና ልብስ ብቻ ግዢላት›› አለችኝ። ‹‹ብቻ›› ያለችው ቃል ስንት ቀን እንደሚያንከራትት አላወቀችም። ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ለምን እሺ አልሽ የሚለኝ አይጠፋም። ካፋ የወንዝ አገር ነው፤ ጎጀብን የመሰለ ትልቅ ወንዝ ድንበሩ ነው፤ ትናንሾቹማ በየሸለቆው አሉ። ወንዶች ልጆቻችን ከብት ሊያጠጡ ወርደው ራሳቸውን ዋና ያስተምራሉ፤ ማንም አይቆጣቸውም። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱና ልብስ ሊያጥቡ ከዚያው ወንዝ በየቀኑ ይመላለሳሉ፤ ነገር ግን አንድ ቀን እግራቸው ቢንሸራተት ራሳቸውን የሚያወጡበት ዘዴ አላስተማርናቸውም። የሞላ ወንዝ ወንድና ሴት ለይቶ አይወስድም። ከኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) የሚተላለፈው ልጆችን ዋና የማስተማር ምክር በየመስጂዱ ይነገራል፤ ‹‹ልጆች›› የሚለውን ‹‹ወንዶች ልጆች›› ብለን የተረጎምነው እኛው ነን። ስለዚህ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚሁ ዋጫ ገበያ ነው። ልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ክምራቸውን ሸራ ላይ ይዘረግፋሉ። ከመካከላቸው የማውቃትን ሴት ጠየቅኋት። ‹‹የዋና ልብስ? እንዴት ያለ ነው እሱ?›› አለች። ቅርጹን በእጄ ሳልኩላት። ክምሩን ስትበረብር ቆይታ አንድ ጥቁር ነገር ጎትታ አወጣች። ‹‹ይሄ ነው እንዴ? እኔ እኮ የውስጥ ልብስ መስሎኝ ስንት ገበያ አዙሬ የሚወስደው አጣሁ፤ እግሩን ማን ቆርጦት ነው እያልኩ…›› ሁለታችንም ሳቅን። በፍለጋዬ ሁሉ ያላፈርኩበት ሱቅ ያ ሸራ ብቻ ነበር።

ቦንጋ ስንደርስ ቡቲክ ያላት ልጅ ስልኳን አውጥታ ሥዕል ታሳየን ጀመር። የለበሱት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሸንበቆ። ‹‹ስንት ኪሎ ናት?›› ስትል ጠየቀችኝ። ቁመቷን አይደለም፣ የትከሻዋን ስፋት አይደለም፤ ኪሎዋን። ልጄ መሬት መሬት ስታይ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩላት፤ የቡና ጆንያ እንደሚያስመዝን ሰው። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

መርካቶ የገባነው ከእህቴ ጋር ነው። የሴት የውስጥ ልብስና የዋና ልብስ ጎን ለጎን የሚሰቀልበት ሱቅ ነው፤ ሻጮቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። በመንገድ ላይ ዓይናችሁን ስበሩ የምንላቸው ወንድሞቻችን እዚህ ሱቅ ውስጥ የሴት ገላ በዓይን መለካት ሙያቸው ነው። አንዱ ልጄን ከላይ እስከ ታች ቃኝቶ ‹‹እናቴ፣ የእሷ ቁጥር ኤል ነው፤ ዓይኔ አይሳሳትም›› አለኝ። ልብሷ ሰፊ ነበር፤ ሂጃቧ እስከ ወገቧ ይወርዳል፤ ዓይኑ ግን አይሳሳትም! ከዚያ እያወረደ ይዘረጋው ጀመር፤ ይሄ ቦርጭ ይጨብጣል፤ ይሄ ዳሌ ያወጣል፤ ይሄ ቀለም ለጠይም ያበራል፤ ይሄ ደግሞ እግር ያስረዝማል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ‹‹በዚህ ስትዋኚ እጅሽን እንደ ልብ ትዘረጊያለሽ›› ወይም ‹‹ይሄ በውሃ አይከብድም›› የሚል አንድም ቃል አልወጣውም።

ሸፈን ያለ እንደምንፈልግ ስነግረው ፊቱ በራ። ‹‹የሙስሊምም አለን!›› ብሎ ቡርኪኒ አወጣ። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ደረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ተለጥፎበታል፤ ወገቡ ተሰብሯል፤ ጨርቁ ስስ ነው፣ ሳይረጥብም ይጣበቃል። ‹‹ይሄ ሐላል ነው›› አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ ‹‹ግን ቅርጽ ያወጣል›› ሲል አከለበት።

መልበሻ ክፍል የለም። ካርቶን በተከመረበት ጥግ መጋረጃ ይጋርዱልሻል፤ ከመጋረጃው ውጭ ሦስት ወንዶች ቆመው ‹‹ልክ መጣ?›› እያሉ ይጠይቃሉ። አንዴ ከተገዛ ደግሞ አይመለስም። በዚህ ሁሉ መካከል እኔ እናቷ አፌን ከፍቼ የጠየቅኩት ምን ነበር መሰላችሁ? ‹‹ሆዷን የሚደብቅ የለህም?››

ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ትሰማለች። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ለመሆኑ የዋና ልብስ የተሠራው ለምንድን ነው? ጥጥና ሱፍ ውሃ ይጠጣሉ፤ ሲጠጡ ይከብዳሉ፤ የሚዋኘውንም ወደ ታች ይጎትታሉ። ስለዚህ ቀለል ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ከሰውነት ጋር የሚዘረጋና የሚመለስ ጨርቅ አስፈለገ። ዛሬ ላይክራ የምንለው የሚለጠጥ ክር በ1958 እ.ኤ.አ. ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተፈልስፎ የዋናን ልብስ ለውጧል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ንጹሕ ጥበብ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ዋናተኞች የለበሱት አዲስ ልብስ ሰውነትን ጠፍንጎ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ስለነበር ክብረ ወሰን በክብረ ወሰን ላይ ተሰበረ፤ ነገሩ ከልክ አለፈና ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለው ልብስ በውድድር ታገደ። ለዋናተኛ ሲሰፋ ጥያቄው ውሃው ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ነው። ለዋናተኛ የሚሰፋ ልብስ አለ ማለት ነው፤ እኛ በገባንበት ሱቅ አልነበረም እንጂ።

ሌላው መስመር የሚጀምረው ከውሃ ሳይሆን ከፎቶግራፍ ነው። በሐምሌ ወር 1946 እ.ኤ.አ. ሉዊ ሬያር የተባለ ፈረንሳዊ አራት ቁራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ በፓሪስ አንድ መዋኛ አጠገብ ለጋዜጠኞች አቀረበ። ከአራት ቀን በፊት አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በቢኪኒ ደሴቶች አቶሚክ ቦምብ ሞክራ ነበርና ሰውየው ለጨርቁ የዚያን ደሴት ስም ሰጠው። የልብስ ማሳያ ሞዴሎች አንለብስም ብለውት የመጀመሪያዋ ለባሽ የጭፈራ ቤት ዳንሰኛ ነበረች ይባላል። የሰው መኖሪያ በቦምብ የጋየበትን ስም ለሴት ልብስ ማውጣት ምን ዓይነት ልብ ይፈልጋል? ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይዘገንነኛል፤ ግን ከመንገዴ እንዳልወጣ ልለፈው።

የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. በዋሺንግተን የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ፖሊስ በመዋኛ ስፍራ ተንበርክኮ የሴቲቱ ልብስ ከጉልበቷ ምን ያህል እንደራቀ በሜትር ይለካል፤ አጥሮ ከተገኘ ያስቀጣል። በነሐሴ ወር 2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳይ ኒስ ከተማ የባሕር ዳርቻ የታጠቁ ፖሊሶች አንዲት ሴት ዙሪያ ቆመው እጅጌ ረጅም ልብሷን ስታወልቅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ዓለምን አዳረሰ፤ የእሷ ጥፋት መርዘሙ ነው። በዚያው ወር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቪልነቭ ሉቤ የተባለች ከተማ ያወጣችውን ክልከላ አገደ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ግን ግሬኖብል ከተማ በሕዝብ መዋኛዎቿ ቡርኪኒን ስትፈቅድ ያው ፍርድ ቤት ፈቃዱን ዘጋው። ይህ የሚደርሰው በሙስሊም ሴት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በ2021 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ሴቶች የባሕር ዳርቻ የእጅ ኳስ ቡድን በደንቡ የታዘዘውን የቢኪኒ ሱሪ ትቶ ቁምጣ ለብሶ በመጫወቱ 1,500 ዩሮ ተቀጥቷል። ወንዶቹ በዚያው አሸዋ ላይ ቁምጣ ለብሰው ይጫወቱ ነበር! ደንቡ የተሻሻለው ጩኸት ከበዛ በኋላ ነው። ሜትሩ ይለዋወጣል፤ አንዴ አጠረ፣ አንዴ ረዘመ ይላል፤ የሚለካው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ቡርኪኒን ራሱን ላለመበደል አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ያወጣችው አሂዳ ዛኔቲ የምትባል ሊባኖስ የተወለደች ሴት ናት። መነሻዋ የእህቷ ልጅ ነበረች፤ ልጅቱ ሂጃብና ሰፊ ልብስ ደራርባ ኳስ ስትጫወት ልብሱ አላላውስ ሲላት አይታ ነው። ከአንዲት ልጅ ችግር የተነሣ ልብስ ነው እንግዲህ። እሱ እንኳ መርካቶ እስኪደርስ ድረስ ደረቱ ላይ አብለጭላጭ አበቀለ።

ውድ አንባቢያን፣ ‹‹ያምርብሻል›› የምትለውን ቃል እስቲ እንመርምራት። ለራሷ ክፉ ቃል አይደለችም፤ ውበትን አላህ ይወዳል፤ ንጽሕናና መዋብ ነውር የሆነበት ቤት የለንም። በዋና ልብስ ገበያ ግን ቃሏ ሌላ ነገር ታዝላለች፤ መጀመሪያ ጉድለት አለብሽ ትላለች፤ ከዚያ መሸፈኛውን ትሸጣለች። የውጭ አገር መጽሔቶች የሴትን ገላ በፍራፍሬ መድበውታል፤ አንዷ ፖም ናት፣ አንዷ ሸክኒት ፍሬ፣ ለእያንዳንዷም የሚደብቅላት ልብስ ይታዘዝላታል። ካፋ ቢሆኑ ኖሮ እንሰት የምትመስል ብለው ሊጽፉ ነው! እንሰትን ግን እኛ የምናውቀው ቤት ሙሉ ሰው በማብላቱ እንጂ በቅርጹ አይደለም።

በ2015 እ.ኤ.አ. በለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ቢኪኒ የለበሰች ቀጭን ሴት ያለችበት ማስታወቂያ ተለጥፎ ገላሽ ለባሕር ዳርቻ ደርሷል ወይ እያለ መንገደኛዋን ሁሉ ይጠይቅ ነበር። የሚሸጠው ልብስ እንኳ አልነበረም፤ የማክሻ ምግብ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃውሞ ፈረሙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከንቲባ የሆኑት ሳዲቅ ኻን፣ ሙስሊምና የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ ሰው በገላው እንዲያፍር የሚያደርጉ ማስታወቂያዎች ከከተማዋ ባቡርና አውቶቡስ እንዲነሱ አደረጉ። ምክንያታቸውን የተናገሩት እንደ አባት ነው። ይህን ሳነብ አፈርኩ፤ እሳቸው ከባቡር ጣቢያ ያነሡትን ጥያቄ እኔ በመርካቶ ሱቅ ለሦስት ወንዶች ጮክ ብዬ ጠይቄአለሁና።

የእኛ ዓይንም ከፈረንጁ የተሻለ አይደለም። በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ ለኢትዮጵያ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ተወዳድሮ የመጨረሻ ሲወጣ የተሳቀው በሰዓቱ ብቻ አልነበረም። እንዴት ተመረጠ የሚለው ራሱን የቻለ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከጥያቄው ይልቅ የዞረው የሆዱ ፎቶግራፍ ነበር፤ እኛም ተቀባብለነዋል። በዚያው ኦሊምፒክ ዶዓ አልጎባሺ የምትባል ግብፃዊት ሂጃቧንና እጅጌ ረጅም ልብሷን ለብሳ ቢኪኒ ከለበሱ ጀርመናውያን ጋር በአሸዋ ላይ መረብ ኳስ ተጫወተች፤ ለእሷ አጨበጨብን። በልብሷ አጨበጨብን፣ በሆዱ ሳቅን፤ ኳሷን እንዴት እንደመታች የሚነግረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ወደ ልጄ ልመለስ። ያን ልብስ ገዛንላት፤ ስንት ኪሎ ቡና እንደሄደበት አልነግራችሁም። ወደ መዋኛው ወሰድናት፤ ስሙ ይቆይ። ወንዱም ሴቱም በአንድ ላይ ነው፤ ለሴቶች የተለየ ሰዓት አለ ወይ ብለን ስንጠይቅ ተሳቀብን። ልጄ ጠርዙ ላይ ቁጭ አለች። ሙሉ ቀን ሻርፕ ሆዷ ላይ ጠቅልላ ‹‹አሞኛል›› አለች። የእህቴ ልጆች ሲጫወቱ እግሯን እንኳ ውሃ አላስነካችም። እኔም በልቤ ‹‹ማሻ አላህ፣ ሐያእ ይዟት ነው፤ ወንዶች ስላሉ ነው›› ብዬ ደስ አለኝ። ማታ እህቴ ‹‹እማ ሆዴን ደብቂ ብላኛለች፤ ያ ልብስ ደግሞ አይደብቅም›› እንዳለቻት ነገረችኝ።

በሐያእና በገላ ማፈር መካከል ያለውን ልዩነት ያን ሌሊት ያሰብኩትን ያህል በዕድሜዬ አስቤው አላውቅም። ሐያእ ያላት ሴት ገላዋ ክቡር ስለሆነ ለማን እንደሚታይ ትመርጣለች። በገላዋ የምታፍር ሴት ግን ብቻዋን ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ፊትም ትሸፋፈናለች። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ሻርፕ ለብሰዋል። እኛ እናቶች፣ አባቶችም፣ ሁለተኛውን እያሳደግን የመጀመሪያውን ያሳደግን ይመስለናል። ዒድ ሲደርስ ምን እንደምናደርግ አስታውሱ፤ ዓባያ ልንገዛ ገብተን ‹‹አክስቷን መሰለች፣ ወፍራለች፤ ጥቁር ያሳንሳታል›› እንላለን። ሻጩም ‹‹ዱባይ ስሪት ነው፣ ወገብ ያሳያል›› ይላል፤ እንገዛለን። ጨርቁ ረዘመ እንጂ ገበያው ያው ነው። በዋና ልብስ ላይ ጣት መቀሰር ለእኛ ቀላል ነው፣ ከእኛ ስለሚርቅ።

‹‹ታዲያ ዋናው ይቅር›› የሚሉኝ ወንድሞች ብዙ ናቸው። ወንድና ሴት የተቀላቀለበት መዋኛ ይቅር ቢሉኝ እስማማለሁ፤ ዋና ይቅር ካሉኝ ግን የሚቀረው በሴቶቹ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ሶደሬና ላንጋኖ በበዓል ማግስት የሚሞሉት በማን እንደሆነ ሁላችንም እናያለን፤ ከመካከላቸው የእኛ ወንዶች ልጆች አሉ። መዋኛ ላላቸው ሆቴሎች በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሴቶች ለዩልን ብሎ መጠየቅ የማን ሥራ ነው? እስከ ዛሬ በአንድ ላይ ሆነን ሄደን አልጠየቅንም። ከሠርግ መዋጮ ያነሰ ገንዘብ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት እህቴና ሰባት ጎረቤቶቿ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሌላ ቦታ ሄደው አንዲት ትንሽ መዋኛ ለእሑድ ማለዳ ሁለት ሰዓት ተከራዩ፤ የምታስተምር ሴት አገኙ፤ በር ላይ የምትቆምም ሴት አቆሙ። ልጄን እንደ ገና ‹‹የዋና ልብስ እንግዛልሽ?›› ስላት አልፈልግም አለች። ከወንድሟ እጅጌ ረጅም የስፖርት ማሊያና ሱሪ ለመነች፤ የሚንሸራተተው፣ ውሃ የማይጠጣው ዓይነት ጨርቅ። ዋጫ ያለው ልብስ ሰፊያችን ወገቡ ላይ ጠንካራ ላስቲክ አስገባላት፤ ማሊያው ውሃ ላይ እንዳይንሳፈፍ ከሱሪው ጋር በሁለት ቁልፍ አያያዘው። ሰውየው በዕድሜው መዋኛ አይቶ አያውቅም። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹‹እጅሽን ወደ ላይ ስትዘረጊ የሚይዝሽ የት ጋ ነው?›› ብሏት ብብቱን አሰፋላት።

በሦስተኛው እሑድ እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጄ ከዳር እስከ መሐል ደርሳ እየተንፈራገጠች ተመለሰች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ጠርዙን ይዛ ‹‹እማ፣ አንቺስ?›› አለችኝ።

‹‹እኔማ ለእኔ የሚሆን ልብስ የት ይገኛል፤ ይሄን ቦርጭ ይዤ…›› ብዬ ጀመርኩ። ዝም ብላ አየችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው እሑድ የባለቤቴን ሰማያዊ ማሊያ ለብሼ ገባሁ። ውሃው እስከ ደረቴ ነው፤ በጣም ይበርዳል። ገና መንሳፈፍ አልቻልኩም።